ጎን ለጎን የሆኑ ባለ በረንዳ የመርከብ ክፍሎችን ለቤተሰብ እንዴት እንያዝ?

የባር ሚጽቫ በዓል፣ የአባት ወይም የእናት 70ኛ ዓመት፣ ወይም የሠራዊት አገልግሎቱን የጨረሰ ልጅ ደስታ ሲመጣ፣ ገንዘቡን ለአዳራሽ ከማውጣት ቤተሰቡ በሙሉ በመርከብ ሄዶ ጥቂት ቀን ቢያርፍ ይሻላል የሚሉ ወገኖቻችን አሉ። ከሃይፋ ወደብ ተነስተው ወደ ቆጵሮስና ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚሄዱ መርከቦች ስላሉ፣ አውሮፕላን የሚከብዳቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር አብረው ሊጓዙ ይችላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ሦስት ክፍል ተገዝቶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ መርከቡ ላይ ከተወጣ በኋላ አንዱ ክፍል በ5ኛው ፎቅ፣ ሌላው በ9ኛው፣ ሦስተኛው ደግሞ በመርከቡ ጭራ በኩል ሆኖ ሲገኝ ነው።

ለወጣት ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም ለማያነቡ አያት ግን ትንሽ አይደለም። መተላለፊያው ረጅም ነው፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው አይገባቸውም። ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ብለው ቀኑን ሙሉ ከክፍላቸው ሳይወጡ ሊውሉ ይችላሉ። እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ነገር በየብስም እናውቀዋለን። ሽማግሌ የሚገለለው ሰው ስለጠላው ሳይሆን ብዙ ጊዜ በሩ ከልጆቹ በር ስለራቀ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን መሆን የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከዚህ በታች ይህ እንዴት እንደሚገኝ ደረጃ በደረጃ እናስረዳለን።

ኮምፒዩተር ስምን እንጂ ዘመድን አያውቅም

በመጀመሪያ ደረጃ ቤተሰብ ለምን እንደሚበታተን እንረዳ። እያንዳንዱ ክፍል ሲገዛ የራሱ የማዘዣ ቁጥር ይሰጠዋል። ሦስት ክፍል ማለት ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያየ ቁጥር ማለት ነው። ኩባንያው እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን የሚያውቀው ከተነገረውና ከተመዘገበ ብቻ ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ወደ አገር ስንገባ አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቧል፤ ያገባችው እህት የባሏን ስም ይዛለች። የአንድ እናት ልጆች ሦስት የቤተሰብ ስም ይዘው መገኘታቸው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለጉዞ ወኪሉ በመጀመሪያ የሚነገረው ቃል "እኛ አንድ ቤተሰብ ነን፤ የማዘዣ ቁጥሮቻችን እርስ በርስ ይያያዙ" የሚለው ነው። ቁጥሮቹ ሲያያዙ የመመገቢያ ጠረጴዛም በአንድ ላይ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

ስሞቹም በፓስፖርቱ ላይ እንዳሉት ፊደል በፊደል ይሰጡ። በቴውዳት ዜሁት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ላይ በሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም ወይም የልደት ቀን ያለው ሰው በቤተሰቡ ውስጥ ካለ፣ የሚሠራው የፓስፖርቱ ነው። በፓስፖርት ፋንታ ቴውዳት መዓቫር የያዘ ዘመድ ካለ፣ መርከቡ ለሚቆምባቸው አገሮች ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይጣራ።

የክፍሎቹ ዓይነትና የሚባሉበት ቃል

በመርከብ ላይ ያለ ክፍል በዕብራይስጥ ታ ይባላል። መስኮት የሌለው ታ ፕኒሚ፣ መስኮት ያለው ታ ኢም ሐሎን፣ በረንዳ ያለው ደግሞ ታ ኢም ሚርፔሴት ነው። ዋጋው በዚሁ ቅደም ተከተል ከፍ እያለ ይሄዳል።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር "ጎን ለጎን" እና "በውስጥ በር የተገናኘ" የተለያዩ መሆናቸው ነው። ጎን ለጎን የሆኑ ክፍሎች፣ ታኢም ስሙኺም የሚባሉት፣ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ወደ መተላለፊያው መውጣት ያስፈልጋል። በውስጥ በር የተገናኙት፣ ዴሌት መቀሼሬት ያላቸው፣ ወደ ውጭ ሳይወጣ የሚያስተላልፍ በር አላቸው። እነዚህ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ። ትንንሽ ልጆች ወይም ሌሊት እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሽማግሌ ያሉበት ቤተሰብ ስለ ውስጥ በር ቀድሞ ይጠይቅ። ለሌላው ሰው ጎን ለጎን መሆኑ ይበቃል።

ዋጋው ዝቅ ያለ ሆኖ የክፍሉ ቁጥር የማይታወቅበት አሸጫሸጥም አለ። ገዢው የክፍሉን ዓይነት ብቻ ይመርጣል፤ ቁጥሩን ኩባንያው በኋላ በፈለገው ቦታ ይሰጠዋል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ ጥሩ ቅናሽ ነው። አብሮ ለመሆን ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን አይሆንም፤ በዚህ መንገድ ሦስት ክፍል የገዛ ሰው ሦስት የተለያየ ፎቅ ቢደርሰው አቤቱታ ማቅረብ አይችልም።

መጀመሪያ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ይወሰን

ወደ ወኪሉ ከመሄድ በፊት ቤተሰቡ ቡና ላይ ተቀምጦ ይነጋገር። ለምሳሌ 8 ሰዎች ያሉበትን ቤተሰብ እንውሰድ። ወንድ አያትና ሴት አያት፣ ልጃቸው ከነሚስቱ፣ የ15፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ያላገባች የልጁ እህት ናቸው። ክፍሎቹ ሦስት ይሁኑ። በመካከለኛው አያቶች፣ በአንዱ ጎን ባልና ሚስት ከ4 ዓመቱ ልጅ ጋር፣ በሌላው ጎን አክስት ከሁለቱ ትልልቅ ልጆች ጋር ይሆናሉ። አያቶች በመካከል በመሆናቸው በየትኛውም ጎን ግድግዳውን ቢያንኳኩ የሚሰማ ሰው አለ። በሁሉም ክፍል ውስጥም አዋቂ ይኖራል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የኩባንያ ደንብም ነው። ብዙ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንድ አዋቂ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። የዕድሜው ወሰን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ 18፣ በሌሎቹ 21 እና ከዚያም በላይ ነው። የወላጆች ክፍል አጠገብ ሲሆን ደንቡን የሚያላሉም አሉ። ካልተላላ አባት ከአንዱ ክፍል፣ እናት ከሌላው ጋር ትመዘገባለች። መርከቡ ላይ ከተወጣ በኋላ ከእንግዳ መቀበያው ተጨማሪ የበር ካርድ ጠይቆ አሰላለፉን ማስተካከል የተለመደ ነው። አያቶች ያለ ወላጆች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ ይዘጋጅ።

በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባም በደንብ የተወሰነ ነው። በቤታችን ልማድ ፍራሽ አንጥፎ አንድ ልጅ መጨመር ቀላል ነው፤ በመርከብ ግን አይቻልም። የሰዎቹ ቁጥር ከነፍስ አድን ጀልባዎች ቦታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ባዶ አልጋ እየታየ እንኳ "በዚህ በኩል ሞልቷል" ሊባል ይችላል። ሦስትና አራት ሰው የሚይዙ ክፍሎች ከሁለት ሰው ክፍሎች ያነሱ ናቸው። በትምህርት ቤት ዕረፍትና በበዓላት ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ወራት ቀድሞ መያዝ ያለበትም ስለዚህ ነው።

የመርከቡን ካርታ ማንበብ

ወኪሉ የፎቆቹን ካርታ በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። በካርታው ላይ የሚከተሉትን ነገሮች ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን። የመጀመሪያው አኃዝ ብዙውን ጊዜ ፎቁን ያመለክታል። 8114 ማለት በ8ኛው ፎቅ ያለ ክፍል ነው። በብዙ መርከቦች ሙሉ ቁጥሮች በአንዱ ጎን፣ ጎደሎ ቁጥሮች በሌላው ጎን ይደረደራሉ። እንዲህ ባለው መርከብ የ8114 ጎረቤት 8116 እንጂ 8115 አይደለም። 8115 በመርከቡ ማዶ፣ ሌላውን ባሕር የሚያይ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ በሁሉም መርከብ አንድ ስላልሆነ በቁጥሩ ብቻ አትመኑ፤ በካርታው ላይ በጣታችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ቦታውን። መርከብ ሲወዛወዝ ከፊትና ከኋላ በኩል እንቅስቃሴው ይበዛል፤ በመካከልና በታችኛዎቹ ፎቆች ያንሳል። ለሚያጥወለውለው ሰውና ለሽማግሌ መካከሉ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ከላይና ከታች ያለውን። ከጭፈራ አዳራሽ በላይ ወይም ከመዋኛው ሥር ያለ ክፍል ሌሊት ሊረብሽ ይችላል። ከላይም ከታችም የመኝታ ክፍሎች ያሉበት ፎቅ ጸጥታ አለው።

አራተኛ፣ ከመዓሊት ያለውን ርቀት። ጉልበት ለሚያማቸው ወላጅ ረጅም መተላለፊያ ፈተና ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ ከሆነ ሰፊ በር ያለው ልዩ ክፍል አለ፤ ቁጥሩ በጣም ጥቂት ስለሆነ ቤተሰቡ ሌሎቹን ክፍሎች የሚመርጠው ይህ ከተያዘ በኋላ በዙሪያው ይሁን። ሰንበት የሚያከብሩ ቤተሰቦችም በሩ በኤሌክትሪክ ካርድ የሚከፈት መሆኑንና ደረጃው ምን ያህል እንደሚርቅ ቀድመው ይጠይቁ።

ስለ ገንዘቡ

የሚታወጀው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ሲተኛ ለአንዱ ሰው የሚከፈል ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ያነሰ ይከፍላሉ። ብቻውን በአንድ ክፍል የሚተኛ ሰው ግን የሁለት ሰው ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ ላይ የወደብ ግብር፣ የአገልግሎት ጉርሻና ኢንሹራንስ ይጨመራል። ስለዚህ "ለሁላችንም ከነሁሉ ነገሩ ስንት ነው?" ብሎ የመጨረሻውን ድምር መጠየቅ ይገባል።

ሦስት ባለ በረንዳ ክፍል ከአቅም በላይ ከሆነ ለበዓል ተብሎ ዕዳ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። በብዙ መርከቦች ከባለ በረንዳው ክፍል ፊት ለፊት፣ ከመተላለፊያው ማዶ፣ መስኮት የሌላቸው ርካሽ ክፍሎች አሉ። አያቶች በረንዳ ያለውን ቢይዙ፣ ወጣቶቹ ከፊት ለፊት ቢተኙ፣ ቀን ቀን ሁሉም በአያቶች በረንዳ ላይ መሰብሰብ ይችላሉ። ክብሩም ለሚገባቸው ሰዎች ይሆናል፤ በሩም በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ክፍል በራሱ ስም ቢከፍልም ይሻላል። ከመካከል አንዱ በሕመም ወይም በሥራ ምክንያት ቢቀር የሌሎቹ ጉዞ አይነካም፤ በወንድማማች መካከልም የገንዘብ ቅሬታ አይገባም።

በቃል ያለ ይረሳል

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ አባቶቻችን። ወኪሉ "አትስጉ፣ አንድ ላይ አደርጋችኋለሁ" ቢል እናመሰግናለን፤ ግን ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ሦስቱ የክፍል ቁጥሮች በማረጋገጫው ወረቀት ላይ ተጽፈው እንይ። "በተቻለ መጠን ጎን ለጎን" የሚል ጽሑፍ ምኞት ነው፤ ማረጋገጫ የሚሆነው 8114፣ 8116፣ 8118 ብሎ የተጻፈው ነው።

በዚሁ ወረቀት ላይ ሌላም አንድ ነገር ይጻፍ፦ ያለ እኛ ፈቃድ ክፍሉ እንዳይቀየር። ኩባንያዎች አንዳንድ ጊዜ ለደንበኛ ስጦታ ብለው ወደ ተሻለ ክፍል ያዛውራሉ። ለአንድ ሰው መልካም ዕድል ነው፤ አያቶችን ብቻቸውን ሁለት ፎቅ ወደ ላይ ከወሰዳቸው ግን ስጦታው ጉዳት ይሆናል። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ደውላችሁ ቁጥሮቹ እንዳልተለወጡ አረጋግጡ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከእስራኤል ሻጭ የገዛችሁ እንደሆነ መብታችሁን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እንዲህ ያለውን ግዢ በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። ለጉዞና ለዕረፍት ግን ስረዛው ጉዞው ከመጀመሩ ቢያንስ 7 የሥራ ቀን ቀደም ማለት አለበት። በዚህ መንገድ ሲሰረዝ ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላቸው፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከገቡ 5 ዓመት ላልሞላቸው ኦሊም፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ የተፈጸመ ግዢ ከሆነ ጊዜው 14 ቀን መሆኑ ቀርቶ 4 ወር ነው። ወላጆቻችን በስልክ ተጣድፈው የማይገባቸውን ነገር ቢፈርሙ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

በበረንዳዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ

ብዙ ሰው ጎን ለጎን መሆን የሚፈልገው በረንዳዎቹ ተከፍተው አንድ ሰፊ በረንዳ እንዲሆኑ ነው። በብዙ መርከቦች በሁለት በረንዳ መካከል ያለው ክፍልፋይ በቁልፍ የሚከፈት በር አለው። የሚከፍተው የክፍሉ አስተናጋጅ ነው፤ እኛ ራሳችን መነካካት የለብንም። በሌሎች ቦታዎች ግን ክፍልፋዩ የመርከቡ አካል የሆነ የማይነቃነቅ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከመምረጥ በፊት "በእነዚህ ክፍሎች መካከል ያለው ይከፈታል ወይ?" ብሎ ማስጠየቅ ነው። ቢከፈትም ነፋስ ሲበረታ መልሰው ይዘጉታል።

የበረንዳ ደንብ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2006 ስታር ፕሪንሰስ በተባለ መርከብ ላይ በጃማይካ አቅራቢያ እሳት ተነስቶ አንድ መንገደኛ ሞቷል። እሳቱ የጀመረው ከክፍል በረንዳ ሲሆን፣ የብሪታንያ መርማሪዎች ሳይጠፋ የተጣለ ሲጋራ እንዳስነሳው ገምተዋል። ክፍልፋዮቹና የበረንዳው ዕቃዎች እሳቱን ከበረንዳ ወደ በረንዳ አስተላልፈውታል። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ሕግ ተሻሽሎ ከጁላይ 2008 ጀምሮ በበረንዳ ዕቃዎች ላይ የእሳት መከላከያ ደንብ ወጥቷል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በበረንዳ ላይ ጀበና ጥዶ ቡና ማፍላት፣ ከሰል ማቀጣጠል፣ እጣን ማጨስ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ መሰካት፣ በክፍል ውስጥ የሰንበት ሻማ ማብራት አይፈቀድም። ዕቃው በወደብ ፍተሻ ሊወሰድ ይችላል። ለሻማ የተዘጋጀ ቦታ መኖሩን ኩባንያውን መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለእናቶቻችን ከቤት ሳይወጣ፣ በአክብሮት፣ ከነምክንያቱ ማስረዳት ይገባል። መርከብ ላይ በሰው ፊት "ይከለከላል" ከሚሏቸው አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ስለ ልጆችም አንድ ቃል። ከበረንዳው አጥር አጠገብ ወንበር ወይም ጠረጴዛ አይቀመጥ፤ ሕፃን ይወጣበታልና። ሦስቱ በረንዳዎች ሲከፈቱ ሁሉም ሰው "እነዚያ ያዩታል" ብሎ ልጁን ማንም ሳያየው እንዳይቀር፣ በየሰዓቱ ጠባቂው ማን እንደሆነ በስም ይነገር። የበረንዳውንና የመተላለፊያውን በር በአንድ ጊዜ መክፈትም ነፋስ በሩን በኃይል እንዲዘጋው ያደርጋል፤ ጣት ይጎዳል።

መርከቡ ላይ በወጣችሁበት ቀን

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጣልያን የጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዕለት የተሳፈሩ መንገደኞች የአደጋ ጊዜ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ሕግ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ያዛል። በአንዳንድ መርከቦች መመሪያው በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ወደ መሰብሰቢያ ቦታው ሄዶ ይመዘገባል።

የእያንዳንዱ ሰው የመሰብሰቢያ ቦታ በካርዱ ላይ ተጽፏል። ጎን ለጎን ላሉ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ቦታው አንድ ነው፤ የመርከቡ የተለያየ ጫፍ ላይ ላሉ ግን ሊለያይ ይችላል። በአደጋ ጊዜ አያት በአንድ በኩል፣ ልጅ በሌላ በኩል እንዳይሆኑ ካርዶቹን እንደተቀበላችሁ አነጻጽሩ። ከተለያዩ ወዲያውኑ ለእንግዳ መቀበያው ንገሩ። መመሪያውንም አንድ ልጅ ለአያቶች በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተርጉም፤ መንገዱንም በእግር አብሯቸው ይሂድ።

ፊደል ለማያነቡ ወላጆች ሌላም ቀላል ዘዴ አለ። የመርከብ በሮች አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆኑ ማግኔት ይይዛሉ። በአያቶች በር ላይ የልጅ ልጆች ፎቶግራፍ በማግኔት ቢለጠፍ፣ ቁጥር ማንበብ ሳያስፈልጋቸው በራሳቸው ወጥተው በራሳቸው ይመለሳሉ። የክፍሉ ስልክ ከክፍል ወደ ክፍል ይደውላልና የልጃቸውን ክፍል ቁጥር እንዴት እንደሚጫኑ አንድ ሁለት ጊዜ ያለማምዷቸው። መድኃኒታቸው ደግሞ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሻንጣ ወደ ክፍል የሚደርሰው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ዝግጅት ብዙ ሊመስል ይችላል። ሲጠቃለል ግን ሦስት ነገር ነው፦ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይወስን፤ ቁጥሮቹን በካርታ ይምረጥ፤ የመረጠውን በጽሑፍ ይያዝ። ወላጆቻችን ወደዚህ አገር ሲመጡ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ከተማ እንደሚደርሳቸው ሌላ ሰው ወስኖላቸዋል። ለዕረፍት በሚሄዱባቸው በእነዚህ ጥቂት ቀናት እንኳ ከማን አጠገብ እንደሚያድሩ እነሱን ጠይቀን እንወስን። መልካም ጉዞ ለሁላችሁም!